«ሪ» ይውጣ፣ «መልስ፦» ይግባ ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከረመ። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰው ላከልኝ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። ኢሜይል ስንመልስ ከርዕሱ ፊት የምትገባው «ሪ» የእንግሊዝኛ ቃል ናት። ጀርመኑም፣ ስዊድኑም፣ ቱርኩም፣ ቻይናውም በየቋንቋው ቀይሯታል። እኛ ግን የራሳችን ፊደል እያለን በሰው ቃል እንመልሳለን። ስለዚህ «ሪ»ን እየሰረዝን «መልስ፦» ብለን እንጻፍ ይላሉ ጸሐፊው።

ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ ተጽፏል። ጸሐፊው ለቋንቋው የሚቆረቆሩ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። እኔም እቆረቆራለሁ። ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት ነገሩ ሥራዬ ድረስ ስለመጣ ነው።

የምሠራው ቡና ላኪ ቢሮ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ከሃምቡርግ፣ ከሄልሲንኪ፣ ከኦስሎ፣ ከኢስታንቡል ጋር ኢሜይል እንጻጻፋለን። ከባልደረቦቼ አንዷ ጽሑፉን ባነበበች ማግስት «ሪ»ን እያጠፋች «መልስ፦» መጻፍ ጀመረች። በሦስተኛው ቀን አንድ ገዢ ለጥያቄው መልስ እንዳጣ ገልጾ ጻፈ። መልሱ ደርሶታል። ግን ከጥያቄው ሥር አልገባም። ለብቻው፣ እንደ አዲስ ደብዳቤ፣ እሱ በማያነበው ፊደል የሚጀምር ርዕስ ይዞ ተቀምጧል። ሰውየው አላየውም። ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም፤ ያነበበችውን አምና ነው የሠራችው። ስለዚህ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ላንሣቸው። የየአገሩን ምልክት በላቲን ፊደሎቹ ስም እየጠራሁ ነው የምጽፈው።

ጸሐፊው የሚነሡት «ሪ» «ሪፕላይ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አጭር ናት ከሚለው ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው ራሱ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚያስበው። ግን አይደለችም። ላቲን ናት፤ በላቲን «ሬ» ተብላ ነው የምትነበበው። «ሬስ» ማለት ነገር፣ ጉዳይ ማለት ነው። «ኢን ሬ» ሲባል ደግሞ «በጉዳዩ» እንደማለት ነው። ኢሜይል ከመምጣቱ በፊት በወረቀት ደብዳቤ አናት ላይ ትጻፍ ነበር። ያውም በመልስ ላይ ብቻ አይደለም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚላክ ደብዳቤም ላይ ትገባለች። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች «እገሌ በእገሌ ላይ» ብለው በማይከፍቱት መዝገብ ላይ እስከ ዛሬ ይጠቀሙባታል። ልጆችም ወንጀል ሠርተዋል ተብለው ሲቀርቡ ጠበቃ የማግኘት መብት አላቸው የተባለበት እ.ኤ.አ. የ1967ቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ስሙ «ኢን ሬ ጎልት» ነው። የጎልት ጉዳይ እንደማለት።

የኢሜይልን አጻጻፍ የሚወስነው ሰነድም ይህንኑ ይላል። አርኤፍሲ የሚባሉት የኢንተርኔት አሠራር የሚጻፍባቸው ባለ ቁጥር ሰነዶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው አርኤፍሲ 2822 ምልክቷ «ሬስ» ከሚለው የላቲን ቃል እንደመጣች ጻፈ። በ2008 የተካው አርኤፍሲ 5322 አስተካክሎ የ«ኢን ሬ» አጭር ናት አለ። ግዴታ አላደረጓትም፤ መጠቀም ይቻላል ነው ያሉት። ግን አንድ ምክር አክለዋል። ከተጠቀማችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ጻፏት፤ መደራረብ ወይም በሌላ ቃል መተካት ያልተፈለገ መዘዝ ሊያመጣ ይችላል ይላሉ። ጸሐፊው ይህን ሰነድ ያነሡታል፤ ምክሩን ግን ዘለሉት።

እንግዲህ ምልክቷ «ጉዳዩ» ማለት ከሆነች ለእኛ እንግዳ ናት ወይ? ማንኛውንም የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አውጡና እዩ። ከላይ ቁጥርና ቀን አለ። ቀጥሎ «ለ» ብሎ የተቀባዩ ስም ይመጣል። ከዚያ መሐል ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ተሰምሮበት፣ «ጉዳዩ፦» ይላል። ላቲኑ በሁለት ፊደል ያለውን እኛ በሦስት ፊደል ስንለው ኖረናል። «መልስ፦» ብንል ግን የምንተረጉመው የተሳሳተውን ትርጉም ነው። «ጉዳዩ» ስለ ምን እንደሆነ ይናገራል። «መልስ» መልስ መሆኑን ብቻ ይናገራል። በዚህ ልዩነት ላይ በኋላ እመለስበታለሁ፤ ዋናው ነገር እሱ ነውና።

ሌሎቹም አገሮች የተረጎሙት ያንኑ የተሳሳተ ትርጉም ነው። የጀርመኑ «ኤ ደብሊዩ» አንትቮርት ነው፣ መልስ። የስዊድኑ «ኤስ ቪ» ስቫር ነው፣ መልስ። የፖላንዱም፣ የቱርኩም እንደዚያው። ደስ የሚለው የብራዚሎቹ ነው። የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም አውትሉክ በፖርቱጋልኛ ሲሆን «አር ኢ ኤስ» ብሎ ይጀምራል፤ ሬስፖስታ፣ መልስ ለማለት። ፊደሎቹ ሲገጣጠሙ ግን ቁጭ የላቲኑ «ሬስ» ናቸው። ሳያስቡት ወደ ጉዳዩ ተመለሱ።

ከጸሐፊው ነጥቦች ሁሉ ጠንካራው ስለ «ግልባጭ» የሚለው ነው። «ሲሲ» የተባለውን «ግልባጭ» ብለን ተርጉመናል፣ ማንም አልተቸገረም፣ ታዲያ «ሪ»ን መተርጎም ምን ያስፈራል ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። «ግልባጭ» የሚለው ቃል ኮምፒውተር ሳይመጣ፣ በታይፕራይተር ሥር ካርቦን እያስገቡ ሲጽፉ ጀምሮ የእኛ ነው። የእንግሊዝኛው «ሲሲ»ም የመጣው ከዚያው ከካርቦን ወረቀት ነው።

ግን «ሲሲ»ና «ሪ» የሚቀመጡበት ቦታ አንድ አይደለም። ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ጂሜይል ላይ አንድ መልእክት ክፈቱና ኦሪጅናሉን የሚያሳየውን ትእዛዝ ንኩ። የሚመጣው ገጽ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ የሚላላኩት ጽሑፍ ነው። እዚያ ላይ ከማን፣ ለማን፣ ግልባጭ፣ ጉዳይ የሚሉት መስመሮች በእንግሊዝኛ ተጽፈዋል። ሁልጊዜ። ሁለት ቻይናውያን ቢጻጻፉም፣ ሁለት ጎንደሬዎች ቢጻጻፉም በእንግሊዝኛ ነው የሚሄዱት። «ግልባጭ» የሚለውን ቃል የሚያስገባው የተቀባዩ ፕሮግራም ነው። መልእክቱ ሲከፈት፣ ገጹ ላይ ብቻ። ስለዚህ እኔ «ግልባጭ» እያየሁ ሃምቡርግ ያለው ሰውዬ በጀርመንኛ ያያል። አንዳችን ሌላችንን አንነካም።

«ሪ» ግን የገጹ ጽሑፍ አካል አይደለችም። በራሱ በርዕሱ ውስጥ ገብታ፣ እንደ እጄ ጽሑፍ ተቆጥራ አብራ ትላካለች። «መልስ፦» ብዬ ከጻፍኩ ለሁሉም «መልስ፦» ሆኖ ይደርሳል። አማርኛ ለሚያነበውም ለማያነበውም።

ደግሞ የትኛው ምልክት እንደሚገባ የሚወስነው የደብዳቤው ቋንቋ አይደለም። የፕሮግራሙ ቋንቋ ነው። ወንድሜ የሚኖረው ጀርመን ነው። የቤተሰብ ኢሜይላችን ከላይ እስከ ታች አማርኛ ነው። እሱ ሲመልስ ግን አውትሉኩ ጀርመንኛ ስለሆነ፣ ርዕሱ «ኤ ደብሊዩ: የእማማ ተዝካር» ብሎ ይመጣል። በተዝካሩ ርዕስ ፊት የጀርመን ቃል ምን አገናኘው? ያን ማንም አልመረጠም፤ ፕሮግራሙ ነው ያስገባው። «መልስ፦» በፕሮግራም ቢገባም ያው ነው የሚሆነው። ስልኩን በአማርኛ ያደረገ ሰው ዱባይ ላለ አሠሪው በዓረብኛ ሲመልስ ርዕሱ ላይ «መልስ፦» ይቀመጥበታል።

ስለዚህ ለጸሐፊው የምለው ይህን ነው። የሚጠይቁት ነገር ተገቢ ነው፤ የሚጠይቁበት ቦታ ግን ሌላ ነው። ምልክቷ በመንገድ ላይ እንዳለች ትሂድ። ፕሮግራሙ ሲያሳየኝ ግን «መልስ» ብሎ ያሳየኝ። እንደ «ግልባጭ» ማለት ነው። ወይም ወደ ኋላ የምትታጠፍ ቀስት ያድርግልኝ። ይህን ለኢሜይል ፕሮግራም ሠሪዎች በአንድነት እንጠይቅ ካሉ እኔ የመጀመሪያው ፈራሚ ነኝ።

ቀጣዩ ነጥባቸው ሌሎች አገሮች ያለ ችግር አድርገውታል የሚለው ነው። ማድረጉንስ አድርገውታል። ያለ ችግር የሚለው ነው የማያስማማን።

ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። አንድ ሙሉ ኮንቴነር የሲዳማ ቡና፣ 320 ጆንያ፣ ለኖርዌይ ልንጭን ነበር። ከጭነት በፊት ናሙና ይላካል። ገዢው ቀምሶ እሺ ካላለ ጆንያ አይሞላም። ናሙናው ሄደ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ኢሜይል ገባ። ርዕሱ «ቪ ኤስ:» ብሎ ይጀምርና የናሙናችን ስም ይከተላል። ውስጡ በኖርዌይኛ የተጻፈ አንድ አጭር መስመር ብቻ ነው። ከሥሩ የራሳችን ደብዳቤ አለ።

እኔ ከፊንላንድ ገዢዎች ጋር ለዓመታት ተጻጽፌያለሁ። ፊንላንዶች ሲመልሱ «ቪ ኤስ» ነው የሚገባው፤ ቫስታውስ፣ መልስ ማለት ነው። ስለዚህ መልሱ መጣ አልኩ። መስመሯም አጭር ናት፤ እሺታ ናት ብዬ ወሰድኳት። መጋዘን ደውዬ ጆንያ ሙሉ አልኩ።

በኖርዌይ ግን «ቪ ኤስ» ማለት ቪደሬሰንት ነው። ለሌላ ሰው የተላለፈ ማለት ነው። መልሳቸው «ኤስ ቪ» ነው። ሁለቱ ፊደሎች ቦታ ሲቀያየሩ ትርጉሙ ተለወጠ። ገዢው ደብዳቤያችንን ቡናውን ለሚቆላው ድርጅት ሲያስተላልፍ እኛን በግልባጭ አስገብቶናል። የኖርዌይኛዋ መስመር ደግሞ ጥያቄ ነበረች፤ ምን ትላላችሁ የምትል። ቡናው ገና አልተቀመሰም። ያወቅነው ከሰዓት በኋላ ገዢው ሲደውል ነው። ሠራተኞቹ ግማሹን ሞልተው ነበር። ሁለት ቀን ጠፋን። ናሙናው በኋላ አለፈ እንጂ ባያልፍ ኖሮ ጉዳቱ ከባድ ነበር።

ጸሐፊው ስዊድንን፣ ኖርዌይንና ፊንላንድን በአንድ መስመር ደርድረው ምሳሌ አድርገዋቸዋል። እነዚህ ጎረቤታሞች አንዱ «መልስ» የሚልበትን ሁለት ፊደል ሌላው «አስተላልፌያለሁ» ይልበታል። ይህ አርአያ አይሆንም።

መደራረቡም አለ። ከሃምቡርግ ጋር ስንጻጻፍ የእኛ ፕሮግራም «ሪ» ያስገባል፣ የእነሱ «ኤ ደብሊዩ» ያስገባል። አንዱ የሌላውን ካላወቀው በላዩ ላይ ይጨምርበታል። በአምስተኛው ዙር ርዕሱ «ኤ ደብሊዩ: ሪ: ኤ ደብሊዩ: ሪ: ኤ ደብሊዩ:» ይሆንና የቡናው ስም ከስክሪኑ ይወጣል። ስልክ ላይ ጭራሽ አይታይም። ጀርመኖቹም ይህ እንደሚያስመርራቸው ነግረውኛል። የአውትሉክ ሠሪዎችም ችግሩን ያውቁታል። የፕሮግራሙ ማስተካከያ ውስጥ፣ የላቁ አማራጮች በሚለው ሥር፣ ለመልስና ለሚተላለፍ መልእክት ርዕስ እንግሊዝኛውን ተጠቀም የምትል ሳጥን አለች። የሃምቡርጉን ሰውዬ አንድ ቀን በስልክ ሳወራው ስለ ሳጥኗ ነገርኩት። ምልክት አደረገባት። ከዚያ ወዲህ በርዕሳችን ላይ አንድ «ሪ» ብቻ ናት ያለችው።

ቻይናን በተመለከተ በአንድ ቋንቋ ውስጥ እንኳ ስምምነት የለም። አንዱ ፕሮግራም «ዳፉ» ይላል፣ ሌላው «ሁዪፉ» ይላል። ሁለቱም መልስ ነው። ሁለት ነጥቡን እንኳ አንዳንዱ በላቲኑ ቀጭን ምልክት፣ ሌላው በቻይንኛው ሰፊ ምልክት ይጽፈዋል። ለኮምፒውተር እነዚህ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። በእኛም ይህ እንደማይቀር ከወዲሁ ይታያል። እሳቸው «መልስ» ብለዋል። ሌላው «ምላሽ» ይላል። ምልክቱንስ? አንዱ «፦» ይጽፋል፣ ሌላው ኪቦርዱ ላይ ሲያጣው «፡» እና ሰረዝ ይገጣጥማል። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ እንኳ «ጉዳዩ» የሚለውን ተከትሎ የሚመጣው ምልክት ከቢሮ ቢሮ ይለያያል። ሰው ሲያነበው ልዩነት የለውም። ማሽን ሲያነበው አራት የተለያየ ነገር ነው።

ጸሐፊው ለዚህም መልስ አላቸው። ማሽኑ ርዕሱን አያይም፣ መልእክቶችን የሚያያይዘው በመለያ ቁጥራቸው ነው ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። እያንዳንዱ ኢሜይል የራሱ መለያ አለው። መልስ ሲጻፍ የጥያቄው መለያ በመልሱ ውስጥ ይገባል። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው አርኤፍሲ 822 ውስጥም አለ። ግን ፕሮግራሞች በዚያ ብቻ አይወሰኑም። ጂሜይል ለፕሮግራም ሠሪዎች ባወጣው መመሪያ አንድ መልእክት ወደነበረ ውይይት እንዲገባ መለያዎቹ መሟላት እንዳለባቸው፣ ርዕሱም መመሳሰል እንዳለበት ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው አርኤፍሲ 5256 ደግሞ ሰርቨር፣ ማለትም ኢሜይሉን የሚያስቀምጠው ኮምፒውተር፣ መልእክቶችን በርዕስ ሲያሰባስብ የትኛውን ምልክት ገፍፎ የትኛውን መተው እንዳለበት ይዘረዝራል። የሚገፈፉት «ሪ» እና የማስተላለፊያዎቹ «ኤፍ ደብሊዩ» እና «ኤፍ ደብሊዩ ዲ» ናቸው። የጀርመኑ የለም። የፊንላንዱ የለም። «መልስ»ም የለም። ፕሮግራሙ የማያውቀውን ምልክት የርዕሱ አካል አድርጎ ይቆጥረዋል። የባልደረባዬ መልስ ተለይቶ የቀረው እንዲህ ነው።

እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ጸሐፊውን የሚደግፍ፣ እሳቸው ያላነሡት አንድ ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ለአውትሉክ መሠረት የሆነውን አሠራር ሲጽፍ በቋንቋ አልገደበውም። ከአንድ እስከ ሦስት ፊደል፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ባዶ ቦታ ካለ ያ የመልስ ምልክት ነው ይላል። «መልስ» ልክ ሦስት ፊደል ነው። «ምላሽ»ም ሦስት ነው። በፊደል ብዛት ያልፋሉ። የሚጠበቀው ሁለት ነጥብ ግን የላቲኑ ነው፤ በ«፦» አያልፉም። «የተላለፈ» የሚለው ደግሞ አምስት ፊደል ስለሆነ ከናካቴው አይገባም።

ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መዝገብ ውስጥ ስላለ ችግር የለም የሚለውን ቶሎ ልለፈው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል። ርዕሴን በአማርኛ እጽፋለሁ፣ በአማርኛም ይደርሳል። በዚህ እንስማማለን። ግን የኢሜይል አናት የተሠራው ለእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነበር። ሌላው ፊደል እንዲያልፍ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው አርኤፍሲ 2047 በላቲን ምልክቶች ተጠቅልሎ ይሂድ አለ። አንድ የግዕዝ ፊደል ሲጠቀለል አራት ምልክት ይሆናል። «መልስ» ከነመጠቅለያው 24 ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳይጠቀለል በቀጥታ መላክ ተፈቅዷል፤ ሁሉም ጋ ግን አልደረሰም። ስክሪን ላይ ያለችንን ጠባብ ቦታ በ«መልስ፦» ከምንሞላት ለጉዳዩ ብናውላት ይሻላል።

አሁን በኋላ እመለስበታለሁ ወዳልኩት ልምጣ። ጸሐፊው በመጨረሻ የሚሉት ስለ ክብር ነው። የራስን ቃል ርዕስ ላይ ማስቀመጥ ቋንቋን ማክበር ነው ይላሉ። በዚህ ነጥብ ላይ ልቤ ከእሳቸው ጋር ነው። ግን የትኛውን ቃል?

ሥራ የጀመርኩት አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ኃላፊዋን ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። ደብዳቤ ወጪ ሆኖ ሲመጣ ቁጥር ከመስጠታቸው በፊት ርዕሱን ያነባሉ። «ጉዳዩ፦ ምላሽ ስለመስጠት» የሚል ከሆነ አይቀበሉትም። እርሳስ አንሥተው ከሥሩ «የምን?» ብለው ይጽፉና ላመጣው ሰው ይመልሱለታል። እኔም ያመጣሁበት ቀን ነበር። «የኔ ልጅ፣ ይኸውልህ» ብለው አንድ ፋይል አወጡልኝ። ፋይሉን ገለጡት። ምላሽ ስለመስጠት። ምላሽ ስለመስጠት። ምላሽ ስለመስጠት። አንዱ ስለ ቤት ኪራይ ነው፣ አንዱ ስለ መኪና ጎማ፣ አንዱ ስለ ጡረታ። ርዕሳቸው አንድ ነው። አንድ ሰው የጡረታ ጉዳዩን ሊያጣራ ከክፍለ ሀገር ሲመጣ እሳቸው ፋይሉን ሙሉ ገጽ በገጽ ማገላበጥ ነበረባቸው። የሰውየውን ቀን የሚበላበት ያ አንድ ርዕስ ነው።

ደህና የተጻፈ መልስ ምን ይላል? «ጉዳዩ፦ የአቶ እገሌን የጡረታ መዋጮ ማረጋገጫ ስለመላክ» ይላል። ከዚያ ውስጡ «በቀን ይህን በቁጥር ይህን በተጻፈ ደብዳቤ እንደጠየቃችሁን» ብሎ ይጀምራል። ቁጥሩና ቀኑ መልሱን ከጥያቄው ጋር ያስሩታል፤ የኢሜይሉ መለያ የሚሠራውን ሥራ ይሠራሉ። ርዕሱ ደግሞ ጉዳዩን ይናገራል። «መልስ» የሚል ቃል አናቱ ላይ አያስፈልገውም። መልስ መሆኑ ከማሰሪያው ይታወቃል። ይህ አጻጻፍ ስንሠራበት የኖርነው የራሳችን ልማድ ነው። «መልስ፦»ን አስቀድመን ብንጽፍ እትዬ በእርሳስ ሲመልሱት የኖሩትን ነው መልሰን የምናስገባው።

በኢሜይል አማርኛችን የተጎዳው ደግሞ ከ«ሪ» በኋላ ያለው ቦታ ነው። የራሴን የገቢ ሳጥን ባየው ርዕስ የሌለው አለ። «ሃይ» የሚል አለ። ዓምና ስለ ማዳበሪያ ጆንያ በተላከ ኢሜይል ላይ ዘንድሮ ስለ ኢንሹራንስ የመለሰ አለ። ደብዳቤውን በአማርኛ ጽፎ ርዕሱን ብቻ በእንግሊዝኛ የሚያደርገውማ ብዙ ነው። ከሁለቱ ፊደል ላቲን ይልቅ እኔን የሚያስቆጨኝ ይህ ነው። ጸሐፊው ሰውን ለማንቃት የሚችል ብዕር አላቸው። ያን ብዕር «ርዕሳችሁን በአማርኛ፣ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉ» ለማለት ቢያውሉት ምንኛ ደስ ባለኝ።

ከባልደረባዬ ጋር ተቀምጠን ተነጋገርን። እልክ አልያዘችም። ለውጭ ገዢዎች ምልክቷን እንዳለች ትተዋለች። ከአገር ውስጥና ከጅቡቲ ወኪሎቻችን ጋር ስትጻጻፍ ደግሞ ርዕሷ ሙሉ በሙሉ አማርኛ ሆኗል። ጉዳዩ ሲለወጥ አዲስ ኢሜይል ትከፍታለች እንጂ በአሮጌው ላይ አትመልስም። ትናንት የላከችውን አየሁት፦ «የሲዳማ ደረጃ 2፣ 320 ጆንያ፣ ከሞጆ ወደ ጅቡቲ የሚነሣበትን ቀን ስለማሳወቅ»። ዛሬ ጠዋት ወኪሉ መለሰ። ርዕሱ ያው ነው፣ ፊቱ ላይ አንድ «ሪ:» አለች። ቀኑን ጽፎልናል።